አሮጌ ኮምፒዩተር፣ በእጅ የተሠራ የመቅረጫ መኪና እና የፊደል ፈተና



ፊደልን በጠንካራ አካል ላይ የመቅረጽ ጥበብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና የድሉን ታሪክ በግሪክ ቋንቋ፣ እንዲሁም በግእዝ ቋንቋ በሳባና በግእዝ ፊደል አስቀርጾ በድንጋይ ላይ ትቶአል። የግእዝ ፊደል ከነአናባቢ ምልክቶቹ የታየውም በዚያው ንጉሥ ዘመን በተቀረጹ ጽሑፎች ላይ ነው። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ የቀራጩ ጭንቀት አልተለወጠም። ብዕር የሳተውን መፋቅ ይቻላል፤ መሮ የሳተውን ግን የሚመልሰው የለም።

ዛሬ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በመድኃኔ ዓለም በኩል ወደ መገናኛ ወይም ወደ ገርጂ የሚሄድ መንገደኛ፣ በየሕንፃው መግቢያ የሐኪሙን ስም፣ የጠበቃውን ጽሕፈት ቤት፣ የክፍሉን ቁጥርና የድርጅቱን መጠሪያ በናስ፣ በአሉሚኒየም፣ በእንጨትና በፕላስቲክ ተቀርጾ ያያል። ይህን ሥራ ለመሥራት የተነሣ ሰው ከውጭ አገር የሚመጣውን የመቅረጫ መኪና ለመግዛት ዐቅሙ ባይፈቅድለት ምን ያደርጋል? በሌላ በኩል ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን በአዲስ በለወጡ ቁጥር አሮጌዎቹ በመጋዘንና በደረጃ ሥር ይከማቻሉ። የዚህ ንግግር ርእስ የእነዚህ የሁለቱ መገናኘት ነው፤ ይኸውም የተጣለው ኮምፒዩተር በእጅ የተሠራውን መኪና እንዴት ሊመራ እንደሚችል፣ ለዚህ ምን እንደሚያስፈልገውና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ማሳየት ነው።

የአሳቡ አመጣጥ

መኪናን በቁጥር የመምራት አሳብ የመነጨው ከአውሮፕላን ሥራ ነው። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ የክንፍን ቅርጽ በነጥቦች አስልቶ ለመቁረጥ ያቀረበው አሳብ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ላቦራቶሪ ዳብሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በቁጥር የሚመራ የሚሊንግ መኪና ለእይታ ቀረበ። ትእዛዙ የሚሰጠው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ከዚያ የትእዛዝ አሰጣጥ ልማድ የተወለደው ቋንቋ ዛሬ ጂ ኮድ ይባላል። ጂ 0 «ሳትቆርጥ ፈጥነህ ተጓዝ»፣ ጂ 1 «እየቆረጥህ በቀጥታ ተጓዝ»፣ ጂ 2 እና ጂ 3 ደግሞ «በቅስት ዙር» ማለት ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጀው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆነ፣ ያ ሥራ አድጎ ዛሬ ሊኑክስ ሲኤንሲ በሚል ስም ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚገለገልበት ሆኖአል።

አሮጌው ለምን ይመረጣል?

የአሮጌው ኮምፒዩተር ሀብት ፍጥነቱ አይደለም፤ በስተኋላው ያለው፣ ፓራለል ፖርት የሚባለው፣ ባለ 25 እግር የማተሚያ መሰኪያ ነው። ከእነዚህ እግሮች 12ቱ ምልክት ያወጣሉ፤ 5ቱ ምልክት ይቀበላሉ፤ ከ18 እስከ 25 ያሉት ደግሞ የመሬት መስመር ናቸው። መኪናው ወደ ቀኝና ግራ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ይንቀሳቀሳል። ለእያንዳንዱ ዘንግ አንድ የምት መስመርና አንድ የአቅጣጫ መስመር ስለሚበቃው፣ ሦስቱም ዘንጎች የሚይዙት 6 እግሮችን ብቻ ነው። የቀሩት ስፒንድሉን ለማስነሣትና ለሌላ አገልግሎት ይውላሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ነገሩን በስሌት ማየት ይበጃል። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይፈልጋል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ8 ከከፈለው አንድ ዙር 1600 ምት ይሆናል። ዘንጉን የሚገፋው ቪቴ በአንድ ዙር 4 ሚሊሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ ለአንድ ሚሊሜትር 400 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። መሣሪያው በደቂቃ 600 ሚሊሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሚሊሜትር ሲጓዝ፣ ኮምፒዩተሩ በሰከንድ 4000 ምት መስጠት ይኖርበታል። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ እንግዲህ 250 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ በሌላ ጉዳይ ተጠምዶ አንድ ሚሊሰከንድ ቢዘገይ የአራት ምት ጊዜ ያልፋል፤ ሞተሩም ይንገዳገዳል፤ አንዳንዴም እርምጃ ይስታል። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ መሳቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ቀሪውን ፊደል በተሳሳተ ቦታ ላይ በልበ ሙሉነት መቅረጹን ይቀጥላል።

ስለዚህ ፈጣን ከሚባለው ይልቅ ሰዓት አክባሪ የሆነው ይበልጣል። ሊኑክስ ሲኤንሲ ይህን የሚለካ ፈተና አብሮት አለ። ፈተናው ለብዙ ደቂቃዎች እንዲሠራ ተትቶ በዚያው ጊዜ መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ፋይሎች ይገለበጣሉ። ከፍተኛው መዘግየት ከ20 ማይክሮሰከንድ በታች ከሆነ ኮምፒዩተሩ መልካም ነው፤ ከ30 እስከ 50 ከሆነ ፍጥነት ቀንሶ መሥራት ይቻላል፤ 100 ከደረሰ ግን ከላይ ከተሰላው 250 ውስጥ ሁለት አምስተኛው ስለሚጠፋ ለዚህ ሥራ አይመችም።

የማሰናዳቱ ሥራ

ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት አካሉን መመርመር ይገባል። ክዳኑ ተከፍቶ አቧራው በጥንቃቄ ይጸዳል፤ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ ይለወጣሉ፤ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ደክማ ከሆነ በአዲስ ትተካለች። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ አይዘነጋም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ማራገቢያው የሚያበርደው ያንሳል። በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ በዚህ ላይ ሲጨመር ኮምፒዩተሩ ይግላል።

ቀጥሎ በባዮስ ውስጥ ኀይል ቆጣቢ የሆኑት ሥርዓቶች ሁሉ ይዘጋሉ፤ መሰኪያውም መከፈቱ ይረጋገጣል። ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ኀይል ለመቆጠብ ሲል ሳይጠየቅ የሚዘገይ ነውና። በዩኤስቢ የሚሰካው የማተሚያ መለወጫ ገመድም ቅርጹ ቢመሳሰል እንኳ ምቶቹን በሰዓታቸው ስለማያደርስ አያገለግልም። መሰኪያው የተበላሸበት ሰው በማዘር ቦርዱ ላይ የሚገባ ካርድ ቢጨምር ይሻለዋል።

ማች 3 የተባለውን ፕሮግራም የሚመርጥ ባለሙያ ፓራለል ፖርቱ የሚሠራለት በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ብቻ መሆኑን ማወቅ አለበት። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ወዲህ የጥበቃ እድሳት ስለ ተቋረጠበት፣ እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ለመኪናው ብቻ ቢተው ይመረጣል። ሥዕሉ በሌላ ኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ፣ ከቫይረስ በተመረመረ ፍላሽ ይምጣለት።

መሰኪያውን ከሞተሮቹ ድራይቨር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ስሕተት ነው። በመካከል ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር፣ ሽቦውን ግን ከሽቦ የሚለይ ቦርድ ይገባል። ያለ እርሱ በሞተሩ በኩል የተነሣ ብልሽት እስከ ማዘር ቦርዱ ሊዘልቅ ይችላል።

የእጅና የዐይን ደኅንነት

ኮምፒዩተሩ ሲበራ፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ፣ የመሰኪያው እግሮች ባልታሰበ ሁኔታ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ሠራተኛው ናሱን እያሰረ ሳለ ስፒንድሉ ድንገት ቢነሣ ጣትን የሚያህል ነገር ይጠፋል። ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ ስለዚህ ለኮምፒዩተሩ «አቁም» የሚል መልእክት የሚልክ ብቻ መሆን የለበትም። የሞተሮቹንና የስፒንድሉን ኤሌክትሪክ ራሱ የሚቈርጥ መሆን አለበት። የወሰን መጠበቂያዎቹም በተለመደው ጊዜ ዝግ ሆነው፣ ሲነኩ የሚከፈቱ ይሁኑ፤ ሽቦ በተበጠሰ ጊዜ መኪናው ዝም ብሎ ከመሮጥ ይልቅ እንዲቆም ነው።

የኤሌክትሪክ መቋረጥም በዚሁ ክፍል የሚነሣ ነው። ኀይል ጠፍቶ ሲመለስ ስፒንድሉ በራሱ እንዳይነሣ፣ ሰው ቁልፉን ዳግመኛ ካልተጫነ የማይገናኝ ኮንታክተር ያስፈልጋል። ሥራው ከመካከል ሲቋረጥ ኮምፒዩተሩ ያለበትን ቦታ ይረሳል። መነሻውን የሚያመለክቱ ማብሪያዎች ካሉና ባለሙያው የሥራውን ዜሮ ነጥብ በደብተር ካሰፈረ ግን ከቆመበት መቀጠል ይችላል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ አንድ ሙሉ የናስ ሰሌዳ ያድናል።

ፊደል እንደ ፈታኝ

መኪናው ተሠርቶ ሲያበቃ ብዙ ሰው የሚፈትነው ካሬና ክብ በመቅረጽ ነው። ለአማርኛ ሥራ የተዘጋጀ መኪና ግን ከዚህ የጠነከረ ፈታኝ አለው፤ እርሱም ፊደሉ ራሱ ነው። «ሱ»፣ «ሲ» እና «ሴ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቷ በእግሩ ወገብ ላይ ስትሆን ካዕብ፣ ከእግሩ ሥር ስትሆን ሣልስ፣ ቀለበት ስትሆን ኃምስ ናት። እንግዲህ የ«ሴ» ቀለበት ስፋት በመስመሩ መካከል ሲለካ 1 ሚሊሜትር ይሁን፤ የፑንታው መስመር ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። በቀለበቱ ውስጥ የሚተርፈው ክፍት ቦታ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ቪቴው ከፍሬው ጋር 0.3 ሚሊሜትር ጨዋታ ካለው፣ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ያ መጠን ስለሚጠፋ ክፍቱ በአንድ ጎን ወደ ግማሹ ይወርዳል፤ ቀለበቱም ይጨፈለቃል። አንባቢው «ሴ» ይሁን «ሲ» ሊለይ አይችልም። ካሬው ያልገለጠውን ጉድለት ቀለበቱ ገለጠው ማለት ነው። የሰው ስም በበሩ ወይም በመቃብሩ ላይ የሚቀረጽ በመሆኑ፣ ይህ የሥራው ክብር የሚለካበት ነጥብ ነው።

ሌላም ችግር አለ። በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ ፊደሎች የሚሣሉት በዙሪያ መስመራቸው ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ስለ ገባ ኮምፒዩተሩ ያውቀዋል፤ ሆኖም መኪናው ዙሪያውን ብቻ ሲከተል እያንዳንዱ እግር ሁለት መስመር ሆኖ ይቀረጻል። ለትናንሽ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የእግሩን መካከል ብቻ ይዞ የሚሄድ ባለ አንድ መስመር ፊደል ነው። አለን ኸርሺ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው የዚህ ዐይነት የፊደል ስብስብ ላቲንን፣ ግሪክን፣ ሲሪሊክንና ጃፓንኛን ሲይዝ ግእዝን አልያዘም።

የምርጫው ሚዛን

ለእውነት ሲባል ተቃራኒውም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ገርብል የተባለው ፕሮግራም በአንዲት ትንሽ የአርዱይኖ ቦርድ ላይ ተጭኖ በሰከንድ እስከ 30 ሺህ ምት ይሰጣል። ምት የመስጠቱን ሥራ ቦርዷ ከወሰደች ኮምፒዩተሩ የጂ ኮድ መስመሮችን በዩኤስቢ ከማቀበል በቀር ሌላ ግዴታ የለበትም። የመዘግየት ፈተናውን ያላለፈ ኮምፒዩተር፣ ላፕቶፕም ቢሆን፣ በዚህ መንገድ አገልግሎት ያገኛል። ቦርዷን በቀላሉ የሚያገኝ ሰው በዚህ ቢጀምር አይሳሳትም፤ የማያገኝ ግን ደህና መሰኪያ ያለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ መጠበቅ አይገባውም።

በሁለቱም መንገድ ግን የእጅ ቀራጩ ዕውቀት አይተካም። በፊደልና በፊደል መካከል ምን ያህል ቦታ እንደሚተው፣ ናስ ሲቆረጥ መቼ እንደሚጮኽ፣ ፑንታው መቼ እንደ ደነዘ የሚያውቀው እርሱ ነው። መኪናውን የሚሠራው ወጣት ከሽማግሌው ቀራጭ ጎን ቢቀመጥ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ለማኅበሩ አንድ አሳብ ይቀርባል። ባለ አንድ መስመር የግእዝ ፊደል ስዕል ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ለማኅበር ግን አይደለም። «ቨ» ሲጨመር ፊደሉ 34 ቤት ነው፤ እያንዳንዱም ቤት 7 ልጆች አሉት፤ ጠቅላላው 238 ነው። ሠላሳ አራት አባላት አንድ አንድ ቤት ቢይዙ የእያንዳንዱ ድርሻ ሰባት ፊደል ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰባቱን በራሱ መኪና በናስ ላይ ቀርጾ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ቢያኖር፣ «ሀ»ን የያዘው ከ«ፐ» አጠገብ ሲቀመጥ፣ ፊደሉ ሙሉ ይሆናል። የትኛው መኪና እንደ ሰከነና የትኛው ገና ጨዋታ እንዳለው ደግሞ ከየቤቱ አምስተኛውን ልጅ ያየ ሁሉ ይፈርዳል።