ሰው የራቀው ጎዳና፦ ስሜትና ተፈጥሮ በሌቪታን ሥዕል



ስለ ሩስያ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሲነሣ «ስሜት» የሚለው ቃል ፈጥኖ ይመጣል። ሥዕሉ ያሳዝናል ብለን እናልፋለን፤ በምን እንደሚያሳዝን ግን አንጠይቅም። ዛሬ ጥያቄውን በአንድ ሥዕል ላይ ላነሣው እወዳለሁ።

አስቀድሜ መምህሩን ልጥቀስ። አሌክሴይ ሳቭራሶቭ እ.ኤ.አ. በ1871 «ቁራዎቹ ተመለሱ» የተሰኘውን ሥዕል ለሕዝብ አቀረበ። የሚቀልጥ በረዶ፣ የጎበጡ ዛፎች፣ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች፣ ከአጥሩ ወዲያ የመንደር ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለውም። (በእኛ ቋንቋ የቁራ መልእክተኛ የማይመለስ ነው፤ ለሩስያ ገበሬ ግን የዚህ ወፍ መመለስ የጸደይ ብሥራት ነው።) ሳቭራሶቭ ለተማሪዎቹ ያወረሰው ተራውን ስፍራ አክብሮ ማየትን ነው።

ከእነርሱ አንዱ ይስሐቅ ሌቪታን በ1892 «ቭላዲሚርካ»ን ሣለ። ይህ ከሞስኮ ወደ ምሥራቅ የሚወስድ፣ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ እስረኞች በእግር ብረት የተነዱበት ጎዳና ነው። ሌቪታን በደረሰበት ዘመን ግን እስረኞች በባቡር መጓዝ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እርሱም ሰንሰለትም ወታደርም አልጨመረበትም። ታዲያ ክብደቱ ከየት መጣ? መንገዱ ከተመልካቹ እግር ሥር ሰፍቶ ይነሣና እየጠበበ እስከ አድማስ ይሄዳል። ከጎንና ከጎኑ በእግር ብዛት የተበሉ ቀጫጭን ዱካዎች አሉ። ሜዳው ዓይንን የሚያሳርፍ ኮረብታ የለውም፤ ሰማዩም ግራጫ ነው። አርእስቱን ብንሸፍነው እንኳ መንገዱ ይጎትተናል፤ አርእስቱ የሚጨምርልን በዚያ ሳይወዱ የተጎተቱት እነማን እንደ ነበሩ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን የፖለቲካ ሰነድ ብቻ አድርገው ከሚያነቡት ጋር አልስማማም።

በዚያው ዓመት ሌቪታን ራሱ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሞስኮ እንዲወጣ ተገዶ ነበር፤ የተመለሰው በወዳጆቹ ምልጃ ነው። ይህን በጎዳናው ላይ ለማንበብ ያጓጓል። እኔ ግን እጠነቀቃለሁ፤ የሠዓሊውን መከራ ባናውቅም ዱካዎቹ በሸራው ላይ አሉ።

በሸራው ላይ ያለችው ሰው አንዲት ብቻ ናት፦ በመንገዱ ዳር፣ ከቆመው የቅዱስ ሥዕል ምሰሶ አጠገብ፣ ከሩቅ እንደ ነጥብ የምትታይ ጥቁር የለበሰች ተሳላሚ። ሥዕሉን አሁን በሰሌዳው ላይ እናያለን፤ እባካችሁ እርሷን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደሚወስድባችሁ ልብ በሉ።