ትንሹን ሕፃን ብርድ እንዳይወስደው

(በፍኖተ ሰላም ለአጥቢያ ተወካዮችና ለልማት ፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ከቡሬ፣ ከገበዝ ማርያምና ከዙሪያው ገጠር ይህን ያህል መንገድ መጥታችሁ በመካከላችን ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላ ጊዜ ስንሰበሰብ የምንነጋገረው ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ዘርና ስለ እህል ባንክ ነው። ዛሬ ግን የምናገረው አንድ ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ሰው ነው። ቀኑ ሳይሞላ ስለ ተወለደ ሕፃን ማለቴ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርሁትም በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሞች በገዛ አገራችን በብዙ ድካም መርምረው ያገኙት ነገር በሆስፒታል ግቢ ብቻ ሊቀር አይገባውም። ስለዚህ በገባኝ መጠን በቀላል ቋንቋ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ሳይቆጠር የሚቀረው ሞት

በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ይህም ከ30 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እያንዳንዳችሁ የመጣችሁበትን መንደር አስቡና ባለፈው ዓመት የተወለዱትን ቁጠሩ። ከእነርሱ መካከል ያልቈጠራችሁት ይኖር ይሆን?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በገጠራችን ሕፃን ክርስትና ሳይነሣና ስም ሳይወጣለት ቢሞት ለቅሶው እንደ ትልቅ ሰው ለቅሶ አይደለም። እድርተኛ አይጠራም፤ ድንኳን አይተከልም። ጎረቤት ወደ እናቲቱ ገብቶ «ፈጣሪ ሌላ ይስጥሽ» ይላታል። ይህ ቃል ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ አልነቅፈውም። እናቲቱ ግን ዘጠኝ ወር ባይሞላም ሰባት ወይም ስምንት ወር የተሸከመችውን ልጅ ታውቀዋለች። እኛ ሞቱን ሳንቈጥረው ስንቀር ምክንያቱን ሳንጠይቅ እንቀራለን። «ድሮም የሚያድግ አልነበረም» ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ በእውነት የሚያድግ አልነበረምን?

ተመራማሪዎቹ ምን አገኙ?

ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 ድረስ፣ በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ የሚመሩ የሕፃናት ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአምስት ሆስፒታሎች ሰፊ ጥናት አካሄዱ። ሆስፒታሎቹም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ጋንዲ መታሰቢያ ናቸው። ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱ 4,919 ሕፃናት በጥናቱ ተመዘገቡ። ከእነዚህ 3,852ቱ በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ክፍል ተኝተው ታከሙ። 28 ቀን ሳይሞላቸው የሞቱት 1,109 ነበሩ።

ሐኪሞቹ የሞቱትን ቈጥረው አላቆሙም፤ ስለ ምን እንደሞቱ ለማወቅ ፈለጉ። ስለዚህ በሐዘን ላይ ያሉትን ወላጆች ፈቃድ ጠየቁ፤ አንዳንዶቹም የልጃቸው አስከሬን እንዲመረመር ፈቀዱ። ወገኖቼ፣ ይህን እንደ ቀላል ነገር አንየው። እነዚያ አባቶችና እናቶች ለራሳቸው ልጅ የሚያተርፉት አንዳች ነገር አልነበረም። የሰጡት ፈቃድ የሚጠቅመው ገና ላልተወለደ ለሌላ ሰው ልጅ ነው።

ውጤቱም በ2019 ታተመ። ከሞቱት መካከል 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ሳንባ ሳይጎለምስ በመወለድ የሚመጣ የመተንፈስ ችግር ነው። 30 በመቶ ያህሉ በደም መመረዝ፣ በሳምባ ምችና በማጅራት ገትር ሞቱ። 14 በመቶ ያህሉ ደግሞ በወሊድ ጊዜ በመታፈን ሞቱ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ከሞቱት 1,109 ሕፃናት በ770ዎቹ ላይ ለሞታቸው አስተዋጽኦ ያደረገ አንድ ነገር ተገኘ፤ እርሱም ብርድ ነው። ከ10 ሰባቱ ማለት ነው። ብርድ ብቻውን ገደላቸው ማለት አይደለም። ሳንባው የደከመውን ሕፃን ብርዱ ይበልጥ አደከመው፤ ከበሽታ ጋር የሚታገለውንም ብርዱ ጉልበቱን ነጠቀው። ይህም የሆነው በጎጃም ደጋ በአንዲት ጎጆ ውስጥ አይደለም፤ በአገሪቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከጥንት ግሪኮች ዘመን ጀምሮ በብዙ ሕዝብ ዘንድ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የስምንት ወር ልጅ ግን አያድግም» የሚል አባባል ይነገራል። ጥናቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ከ28 እስከ 31 ሳምንት፣ ማለትም በሰባተኛው ወር ገደማ ከተወለዱት 952 ሕፃናት 512ቱ ሞቱ። ከ32 እስከ 34 ሳምንት ከተወለዱት 1,975 የሞቱት 349 ናቸው። በ35ና በ36 ሳምንት ከተወለዱት 1,888 ደግሞ የሞቱት 159 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑ በማኅፀን በቈየ ቍጥር ተስፋው ይጨምራል። ስምንት ወር ሞልቶት የተወለደውን «አያድግም» ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ አብዛኞቹ አድገዋልና።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

ሕፃን በማኅፀን ሳለ ስብ የሚያጠራቅመው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ያለ ቀኑ የተወለደው ይህን ስንቅ ሳይዝ ይመጣል። ቆዳው ስስ ነው፤ አካሉም ትንሽ በመሆኑ ሙቀቱ ቶሎ ያልቃል። እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ መሞቅም አይችልም። እርጥብ ሆኖ ሲወለድ ወዲያው ካልደረቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ሲበርደው ለመሞቅ ሲል ያለችውን ጥቂት ስኳርና አየር ይጨርሳል፤ ከዚያም ጡት ለመጥባት አቅም ያጣል። ካልጠባ ደግሞ ይበልጥ ይበርደዋል።

አሁን የቤታችንን ልማድ እናስብ። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ይታጠባል። ከእናቱ ተለይቶ በጨርቅ ይጠቀለላል። ጥሬ ቅቤ ይልሳል፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት ግን ታልቦ ይደፋል። ቤቱ እንዲሞቅ እሳት ይነድዳል፤ ጭሱ ግን ያን ደካማ ሳንባ ያስጨንቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አያቶችና አዋላጆች ሕፃኑን ስለሚወዱ ነው። ስለዚህ ስንመክራቸው በአክብሮት ይሁን። እናቶቻችንን ከተቆጣናቸው ምክራችንን አይቀበሉም።

የእናት ገላ

በ1978 በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የሚባሉ ሐኪም ችግር ገጠማቸው። የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥኖቹ ስላልበቁ ብዙ ሕፃናት በአንድ ሣጥን ይተኙ ነበር፤ ተላላፊ በሽታም በዛ። ሐኪሙ ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ጡቶች መካከል፣ ገላ ከገላ አድርገው እንድትይዘው አደረጉ። ልጇን በከረጢቷ ከምትይዘው ካንጋሮ ከምትባለው አውሬ በመነሣት ዘዴው «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ።

ነገሩ ወደ አገራችንም መጣ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ከሁለት ኪሎ በታች የሚመዝኑ 123 ሕፃናትን በአዲስ አበባ በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጠኑ፤ ውጤቱም በ2005 ታተመ። ሕፃናቱ በጥናቱ የገቡት በተወለዱ በ10 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። በተለመደው ዘዴ ከተያዙት 38 በመቶ ሞቱ። በእናታቸው ገላ ላይ ከዋሉት የሞቱት 22 በመቶ ያህሉ ናቸው።

በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ በ3,211 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆነ። ሕፃኑ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው ከእናቱ ገላ ጋር ሲሆን ከ100 ሕፃናት የሞቱት 12 ናቸው፤ እስኪጠነክር ሲጠበቅ ግን ወደ 16 ይደርሳሉ። ጥቅሙ ግልጽ ሆኖ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያውን በዚሁ መሠረት አሻሻለ።

«ይህ ሁሉ በሆስፒታል ነው፤ በገጠር ቤትስ?» የሚል ይኖራል። በሕንድ በሐርያና ገጠር ከ8,000 በላይ ትናንሽ ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2019 የታተመው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። እናቶች በቤታቸው ሳሉ ይህን እንዲያደርጉ ሲረዱ፣ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት በ30 በመቶ ያህል ቀነሱ።

አደራረጉ እንዲህ ነው

ሕፃኑ እንደ ተወለደ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ገላውን ግን ቢያንስ ለአንድ ቀን አትጠቡት። ቆብና ካልሲ ይደረግለት፤ ከታች መቀመጫው በጨርቅ ይሸፈን፤ የቀረው ገላው ራቁቱን ይሁን። በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ደረቱ ከደረቷ ይግጠም። ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ነፃ ይሁን። ከዚያ በነጠላ ወይም በመቀነት ደገፍ ተደርጎ ይታሠር፤ በላዩ ጋቢ ይደረብ። ይህ ለአንድ አፍታ የሚደረግ አይደለም። ቀንም ሌሊትም፣ ቢያንስ በቀን ለስምንት ሰዓት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል።

ምግቡ የእናቱ ጡት ብቻ ነው። መጥባት ካቃተው ወተቱ በንጹሕ ሲኒ ታልቦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው፤ እንዴት እንደሚሰጥም የጤና ሠራተኛ ታሳያችሁ። በእትብቱ ላይ ባለሙያ ካዘዘው በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ።

እናቲቱ ስትደክም አባት ይተካት። የአባት ደረትም ይሞቃል፤ አያትም ልትይዘው ትችላለች። የተከበራችሁ አባወራዎች፣ ይህ የሴት ሥራ ነው አትበሉ።

ይህ ግን ሕክምናን አይተካም። ሳንባው ያልጎለመሰ ሕፃን ኦክስጅን፣ በሽታ የያዘውም መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጡት እንቢ ካለ፣ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መዳፉ ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሲወሰድም በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው አይያዝ፤ በእናቱ ገላ ላይ እንዳለ ይሂድ። ምጥ ያለ ቀኑ የጀመራት ሴት ደግሞ ሳትወልድ ብትደርስ ይበልጥ ይሻላል። ትንሽ ሕፃንን ለማጓጓዝ ከእናቱ ማኅፀን የሚሻል ነገር የለም።

ከ2023 ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት፣ አምቡላንስ ተጠርቶ ያልመጣበት ጊዜ እንደነበረ ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ቀን መንገዱ እስኪከፈት ሕፃኑን ማሞቅ የምትችለው እናቱ ናት።

የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

እናቲቱ ልጇን ሌት ተቀን በደረቷ ይዛ ትቀመጥ ስንል ውኃውን ማን ይቅዳ? እንጀራውን ማን ይጋግር? ከብቱን ማን ያግባ? በአጨዳ ወራት በሆስፒታል ሁለት ሳምንት ስትቆይ በቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያብላ? እናቲቱ ልጇን ከደረቷ የምታወርደው ሥራው ስለሚጠብቃት ነው።

እንግዲህ እርሻ ሲበዛብን ወንፈል እንገባ የለምን? ደቦ እንጠራ የለምን? ያለ ቀኑ ለወለደች እናትም ወንፈል እንግባ። የጉባኤው ሴቶች ተራ ገብተው ውኃ ይቅዱላት፤ ይጋግሩላት። ወንዶቹ አዝመራውን ይሰብስቡ። በሆስፒታል ካለች ስንቅ ይላክላት። ይህንም ስታደርጉ የማኅበራችን አባል ናት ወይስ አይደለችም ብላችሁ አትጠይቁ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ለእናንተ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከ2010 እስከ 2013 በጊዜው በምዕራብ ጎጃም ዞን በነበሩት በሜጫ፣ በሰሜን አቸፈርና በደቡብ አቸፈር ወረዳዎች የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ጤና ሥራ ተሠርቶ ነበር። በዚያ ሥራ ስለ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ስላሉት ሁለት ቀናት በሥዕል የተደገፈ ትምህርት ተሰጠ። የተማረችውም ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን አልነበረችም፤ ቤተሰቧም አብሯት ይቀመጥ ነበር። እናንተም ስታስተምሩ አማቲቱንና ባልየውን አትተዉ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተመካከሩ፤ ትምህርታችሁ ከእርሷ ትምህርት ጋር አይጋጭ።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ነገር እለምናለሁ። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በመንደራችሁ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች መዝግቡ። የሚወለደውንም ሕፃን፣ ስም ይውጣለት አይውጣለት፣ በተወለደበት ቀን ጻፉት። ቢሞትም አትሰርዙት፤ በስንት ወሩ እንደተወለደና እንዴት እንደሞተ ጻፉ፤ እናቱንም ሄዳችሁ አጽናኑ። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን ይዛችሁ ኑና አብረን እናያለን።