ፀሐይ፣ ቆዳችንና ልጆቻችን
(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላችን የቀረበ ንግግር)



በነርስነት ሥራዬ እናቶች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያነሱልኛል። አንደኛው «ይሄ ማድያት በምን ይለቅልኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሕፃኑን ፀሐይ ባሞቀው ምች አይመታብኝም ወይ?» የሚል ነው። የሁለቱም መልስ የሚጀምረው የፀሐይ ጨረር ቆዳችን ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሠራ ከማወቅ ነው።

ከፀሐይ የምናየው ብርሃን ይመጣል፤ የሚሰማን ሙቀትም ይመጣል። ከእነዚህ ሌላ በዓይን የማይታይ፣ ሙቀቱም የማይሰማን ጨረር አለ፤ አልትራቫዮሌት ይባላል። ቀኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ጨረሩ የለም ማለት አይቻልም። እንዲያውም ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ስንወጣ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ያለችው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ነፋሱ እያበረደን ጨረሩ ግን ሥራውን ይሠራል።

ወደ ምድር የሚደርሰን አልትራቫዮሌት ሁለት ዓይነት ነው። «ኤ» የሚባለው ወደ ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ቆዳን ያስረጃል፣ በመስኮት መስታወትም በአብዛኛው ያልፋል። «ቢ» የሚባለው የላይኛውን የቆዳ ክፍል ያቃጥላል፤ በሴሎቻችን ውስጥ ያለውን ዲኤንኤም ይጎዳል። ሰውነት ጉዳቱን ይጠግናል፤ ሳይጠገን የቀረው ሲጠራቀም ግን ለቆዳ ካንሰር ሊዳርግ ይችላል። ይኸው «ቢ» ደግሞ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ከፀሐይ ጨርሶ መሸሽም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋልም አይበጅም።

ቆዳችን የራሱ መከላከያ አለው፤ ሜላኒን ይባላል። ሜላኒን የሚሠሩት ሴሎች ብዛት በጥቁሩም በነጩም ሰው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚሠሩት ሜላኒን መጠንና አቀማመጥ ነው። ቅንጣቶቹ በሴሉ እምብርት ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው ጨረሩን ይቀበሉለታል።

አሁን ወደ ማድያት ልምጣ። በእርግዝና ጊዜ ወይም አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ስንወስድ እነዚህ ሴሎች በቀላሉ ይነሳሳሉ፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ፊት ላይ ጥቁር ምልክት ይወጣል። ቆሻሻ ስላልሆነ በመፈተግ አይለቅም። የሚያሳስበኝ በየሱቁ የሚሸጠው የሚያቀላ ክሬም ነው። አንዳንዱ ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለ፤ በማሸጊያው ላይ ላይጻፍም ይችላል። መጀመሪያ ፊትን ያፈካል። እየዋለ ሲያድር ግን ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ያቀላል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለጽንስም ይተላለፋል። ፀሐይ ላይ እየዋልን የራሳችንን ጃንጥላ በገንዘባችን እናስወልቃለን ማለት ነው። ስትቀቡ የቆያችሁ እህቶች ካላችሁ አትፈሩ፤ ክሬሙን ይዛችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። በድንገት ሲቆም ፊት ሊቆጣ ስለሚችል አቋቋሙን ሐኪሙ ይንገራችሁ።

ወደ ሕፃናቱ ስንመጣ፣ በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም አጥንታቸው የለሰለሰ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አክሞ አጥንታቸው እንደጠነከረ በራጅ አሳይቷል። በሽታው ሪኬትስ ነው። እግር ይቆለመማል፣ እርግብግቢት ቶሎ አይገጥምም፣ ጥርስና መራመድ ይዘገያል። የእናት ጡት ወተት ከሁሉ የተሻለ ምግብ ቢሆንም ቫይታሚን ዲው ጥቂት ነው። የጠቆረ ቆዳ ደግሞ ሜላኒኑ ጨረሩን ስለሚያስቀርበት ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሕፃኑን ጠቅልሎ መስኮት ሥር ማስተኛት አይጠቅመውም፤ መስታወቱ «ቢ»ን ያስቀረዋል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ከልሎ፣ ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው። የደቂቃውን ልክ፣ የቫይታሚን ጠብታ ያስፈልገው እንደሆነም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም ጤና ጣቢያውን ጠይቁ።

የምቹን ነገር እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላነሱትም። ምች መታኝ ስንል ከንፈራችን ላይ የሚወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ የሄርፐስ ቫይረስ ነው። በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ኃይለኛ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። መጠንቀቅ ያለብን እንግዲህ ከቀትሩ ፀሐይ ነው። ከንፈሯ ላይ ቁስል ያለባትም ሕፃን አትሳም።

ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ በእኛ አገር በአብዛኛው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጃንጥላ ያዙ፣ ባርኔጣ አድርጉ፤ ስስ ነጠላ ብቻውን ስለሚያሳልፍ ደረብ አድርጉት። ጨረሩ ለዓይን ሞራም አስተዋጽኦ ስላለው ዓይናችሁን ከልሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ሜላኒናቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ባርኔጣ፣ እጅጌ ሙሉ ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ መድኃኒት ይቆጠርላቸው። በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከቤት እንዳይወጣ አትደብቁት፤ ሸፍናችሁ ወደ ትምህርት ቤት ላኩት።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ብዙዎቹ አባሎቻችን ከጠዋት እስከ ማታ ጉልት ላይ ተቀምጠው ነው የሚነግዱት፤ አንዳንዶቹም ሕፃን አዝለው። ከጋራ ቁጠባችን ላይ፣ ለጋሾቻችንም ቢያግዙን፣ ለእነዚህ እህቶች ትልልቅ የገበያ ጃንጥላ እንግዛ። በዛሬው ስብሰባ ተነጋግራችሁበት ውሳኔ እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።