ከሻይ ቤት ፈቃድ እስከ ከንቲባነት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አዳዲስ አባላት እንመርጣለን። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ግን ለዕጩነት የተመዘገበች አንዲትም እህት የለችም። ስንጠይቃችሁ የሰማነው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅ አለብኝ፤ ለተማረች ስጡት።» ስለዚህ እኛ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች የዓመቱን ሒሳብ ከማቅረባችን በፊት፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ምክር ቤት ስላገለገለች አንዲት ሴት ልናጫውታችሁ ወደናል። ስሟ ሚሼል ዉ ይባላል።

ሚሼል ከታይዋን ከሄዱ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1985 በቺካጎ ከተማ ተወለደች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቦስተን ውስጥ ጥሩ ሥራ እንደያዘች እናቷ የአእምሮ ሕመም ገጠማቸው። ሥራዋን ትታ ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች። እናቷን አስታመመች፣ ታናናሽ እህቶቿን የማሳደግ ኃላፊነት ወሰደች፣ ሻይ ቤትም ከፈተች። ፈቃድ ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ምን እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም፤ እንጀራ ጋግራችሁ ለማስረከብ ወይም የልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት ወረቀት ይዛችሁ ደጅ የጠናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ቆይታ ሕግ ለመማር ወደ ቦስተን አካባቢ ስትመለስ ቤተሰቧን ይዛ ነው። በከንቲባ ቶማስ ሜኒኖ ጽሕፈት ቤት ስትሠራ፣ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚጠየቁትን ፈቃዶች የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጀች። ገና የማንም ተመራጭ ሳትሆን፣ እሷን ያንከራተታት ነገር ሌላውን እንዳያንከራትት ሠራች።

በ2013 በ28 ዓመቷ ለምክር ቤቱ ተወዳድራ አሸነፈች። ምክር ቤቱ 13 አባላት አሉት፤ ዘጠኙ ከየአካባቢያቸው፣ አራቱ ደግሞ በመላው የከተማው ሕዝብ ይመረጣሉ። እሷ ከአራቱ አንዷ ነበረች። የአገልግሎት ዘመኑ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ በ2015፣ በ2017 እና በ2019 እንደገና በሕዝብ ፊት ቀርባ ተመርጣለች።

አጀማመሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ገና እንደገባች ለምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትነት ድምፅ የሰጠችው ለወግ አጥባቂ አባል ነው ተብሎ ብዙ የመረጧት ሰዎች ተቆጡባት። ወቀሳውን ችላ ሥራዋን ቀጠለች። በ2014 መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአባልነት ላይ እያለች የወለደች የመጀመሪያዋ የቦስተን ምክር ቤት አባል እሷ ናት። በዓመቱ እሷ የገፋችው ደንብ ጸደቀ። በዚያ ደንብ መሠረት የከተማው ሠራተኞች፣ እናቶችም አባቶችም፣ ልጅ ሲያገኙ የስድስት ሳምንት ፈቃድ ያገኙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በ75 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት በ50 በመቶ ይከፈሉ ነበር። ስናሰላው በስድስት ሳምንት ውስጥ የአራት ሳምንት ተኩል ደመወዝ ማለት ነው። «ለእናቶች እናስባለን» ከሚል ንግግር ይህ ይሻላል፤ ይቆጠራል፣ ኪስ ይገባል።

በ2016 ለሁለት ዓመት የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነች። በ2021 ደግሞ ሌላዋን የምክር ቤት አባል አኒሳ ኢሳይቢ ጆርጅን አሸንፋ ከንቲባ ሆነች። በቦስተን ታሪክ ለከንቲባነት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2025ም በድጋሚ ተመርጣለች።

እንደ ሒሳብ ሠራተኞች ሁለት ነገሮችን ልብ ብለናል።

አንደኛው የበጀት ሥልጣን ነው። እሷ በምክር ቤት በነበረችባቸው ዓመታት በጀት የሚያቀርበው ከንቲባው ሲሆን፣ ምክር ቤቱ መቀነስ ወይም አለመቀበል ይችል ነበር እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። እሷ ከንቲባ በሆነችበት ምርጫ ሕዝቡ ይህንን ለውጦ ምክር ቤቱ የበጀት መደቦችን እንዲያሻሽል ፈቀደ። በጀቱን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ትልቅ ጉዳይ ነውና። የእኛን እንመልከት። የሕፃናት ማቆያ ጥያቄ በሁለት ተከታታይ ጉባኤዎች ተነሥቷል፤ በበጀታችን ግን መደብ አልተያዘለትም። በኮሚቴው ውስጥ ሕፃን ልጅ ያላት እህት የለችም። «ልጅ አለብኝ» ብላ የምትቀር እናት፣ ኮሚቴው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ይዛ ነው የምትቀረው።

ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችንም ነው። ከንቲባዋ በ2022 ሦስት የአውቶቡስ መስመሮችን ለሁለት ዓመት በነፃ እንዲያገለግሉ ስታደርግ ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የተሸፈነውም ከፌዴራል መንግሥት በተገኘ የወረርሽኝ ጊዜ ድጋፍ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሥራ ያስጀምራል፤ ነገር ግን ጊዜ አለው። የእናንተም ድጋፍ ማቆያውን ሊያስጀምርልን ይችላል። የሞግዚቷን ደመወዝ ግን ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ከራሳችን መዋጮ መሸፈን አለብን። ያንን ስሌት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ኮሚቴ ያስፈልጋል።

እህቶቻችን፣ ሂሳብ መዝገብ ማንበብ በሁለት ቅዳሜ ከሰዓት እናስተምራችኋለን፤ ቃላችን ነው። ደጅ የመጥናትን፣ ልጅ አዝሎ የመሥራትን ዕውቀት ግን እኛ ማስተማር አንችልም፤ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የዕጩዎች መመዝገቢያ ወረቀት በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከቡና በኋላ ይዘጋል። ራሷን ማስመዝገብ የምታፍር ካለች ጎረቤቷ ትጠቁማት።

አሁን ወደ ዓመቱ ሒሳብ እናልፋለን።