የተዘጋ የሳንባ ቧንቧ እንዴት ይከፈታል?



ዛሬ ስለ ሳንባ ጥቂት ቃል ልናሰማችሁ ቆመናል። ወደ ሳንባ የሚወርደው የአየር ቧንቧ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከ20 ጊዜ በላይ እየተከፈለ ይቀጥናል። ውስጡን አክታ ያርሰዋል። አክታ አብዛኛው ውሃ ሲሆን አቧራንና ተሕዋስያንን ይዞ የሚያስቀር ዘበኛ ነው። ነገር ግን ሲበዛና ሲወፍር ዘበኛው ራሱ በሩን ይዘጋዋል፤ ቀጭኑ ቧንቧ ይጣበቃል፤ አየርም አያልፍም።

ታዲያ በኃይል መተንፈስ ብቻውን ይከፍተዋልን? ይህ በፈሳሹ ጠባይ የተወሰነ ነው። በክፍላችን ሁለት የመስታወት ቍራጮች በውሃ አርሰን ብናጋጥማቸው ለማላቀቅ አስቸገሩን፤ የውሃው ገጽ ይሳሳባልና። ቧንቧውም በጠበበ መጠን ይህን መሳሳብ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ግፊት ይበዛል። ደግሞም ውሃ ቶሎ ይፈሳል፤ ማር ይዘገያል፤ ገንፎ ግን በበቂ ኃይል ካልገፉት ከቦታው አይነቃነቅም። የወፈረ አክታም እንደ ገንፎው ነው። በብርቱ ግፊት ቢከፈት እንኳ የቧንቧው ግድግዳ ሊቈስል ይችላል።

እንግዲህ ብልሃቱ ግፊቱን ማብዛት ብቻ ሳይሆን ፈሳሹን መለወጥ ነው። ጤናማ ሳንባ የፈሳሹን መሳሳብ የሚያላላ፥ ሥራው እንደ ሳሙና የሆነ ነገር ራሱ ያዘጋጃል። ያለ ቀናቸው የሚወለዱ ሕፃናት ግን ይህ ስለሚጐድላቸው ሳንባቸው በተነፈሱ ቍጥር ይጣበቃል። ይህንንም ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባሉ ሴት ሐኪም ከጄር ሚድ ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ገለጡ። በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕመም ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ፤ የአባቱ ሥልጣን አላዳነውም፤ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበርና። በ1980 ግን ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ መድኃኒት በ10 ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ቢያፈሱ አተነፋፈሳቸው ተሻሻለ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህ መድኃኒት ዛሬም ዋጋው ውድ ስለ ሆነ በብዙ አገር የማያገኙት ሕፃናት አሉ። የአንድ ፈሳሽን ጠባይ በትዕግሥት መመርመር የሕፃን ነፍስ እንደሚያተርፍ አይተናል። እኛም በትምህርታችን ተግተን ከቀረው ሥራ ድርሻችንን እንድንወጣ ተስፋችን ነው።