መላክና ማመን፦ ትንንሽ መልእክቶች በይፋት ቆላ የልጅ አስተዳደግ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ሁላችንም በልጅነታችን ከሰማነው ቃል ነው፤ «ና ልላክህ»። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሰፈሮች ታላቅ የሆነ ሁሉ የጎረቤቱን ልጅ ይልካል። ምራቅን መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ይህ ሳይደርቅ ተመለስ» ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚህች ሞቃት ከተማ ደግሞ ቀነ ገደቡ እጅግ አጭር ነው።

ሽንኩርት እንዲገዛ የተላከ የስድስት ዓመት ልጅ መልእክቱን በቃሉ ይይዛል፣ ገንዘቡን ይጠብቃል፣ ከባለሱቁ ጋር በወጉ ይነጋገራል፣ መልስ ይዞ ይመጣል። «መልስ» የቃልም የገንዘብም መሆኑን ልብ በሉ፤ ልጁ ሁለቱንም ሳያጎድል ማስረከብ አለበት። ባርባራ ሮጎፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት፣ 50 ማኅበረሰቦችን ባነጻጸረ ጥናት፣ በብዙ ባህሎች ለልጆች ኃላፊነት መሰጠት የሚጀምረው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ መሆኑን አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ መላክ የሚያስተምረው ራስን መቻልን ነው ወይስ መታዘዝን? ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፋቸው፣ የይፋት ጎረቤት በሆነው በመንዝ፣ መታዘዝ በልጅ አስተዳደግ ውስጥ ያለውን ትልቅ ስፍራ አጉልተዋል። የእኔ መከራከሪያ ግን ልዩነቱ የሚፈጠረው «ከሌለስ?» በሚለው ጥያቄ ነው የሚል ነው። «ሽንኩርት ካጣህ ተመለስ» የተባለ ልጅ ይታዘዛል፤ «ካጣህ የሚሻለውን አንተ ምረጥ» የተባለው ግን ማመዛዘን ይጀምራል። ቢሳሳትም ይማርበታል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚለካው የዛሬውን እራት እንጂ የነገውን ባለሙያ አይደለም።

በመላክና በማሠራት መካከል ያለው ድንበርም ሊጠራ ይገባል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራም ይጠብቃል። ለአፍታ ሱቅ መላክ ሌላ፣ በትምህርት ሰዓት መናኸሪያ ቆሞ መሸጥ ሌላ ነው። እኅት ስትላክ ውላ ወንድም ሲጫወት ከዋለም፣ ይህ ሸክም ማብዛት እንጂ ራስን ማስቻል አይደለም።

ወላጅ ልጁን የሚልከው ልጁን ስላመነ ብቻ አይደለም፤ ባለሱቁን፣ ጎረቤቱንና መንገዱን ስላመነ ጭምር ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረ ታዋቂ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሲላኩ ያሳያል፤ የካሜራ ባለሙያዎችም ተደብቀው ይከተሏቸዋል። በይፋት ይህን ጥበቃ የሚያደርገው የሰፈሩ ዓይን ነው። ሸዋ ሮቢትን ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ግጭትና ጦርነት ከተማዋንና አካባቢዋን ጎድቷል። መተማመን ሲሳሳ አስቀድሞ የሚጠበው የልጅ ዓለም ነው።

ስለዚህ የሰፈር መተማመንን መመለስ የሰላም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ጉዳይም ነው። ጅማሬው ቀላል ነው፦ ጎዳና የማያሻግር አጭር መልእክት፣ ልጁን በስሙ የሚያውቅ ባለሱቅ፣ ሲመለስም መልሱ ከመቆጠሩ በፊት «እደግ፣ ተመንደግ» የሚል ምርቃት።