የግንባታ ሰነድ ጥበቃና ሰው ሠራሽ አስተውሎት



ዓባይ ከጣና በሚወጣባት በባሕር ዳር፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። ይህን በመሰለ ሥራ ዛሬ ንድፉና የክፍያ ሰነዱ፣ በየሥፍራውም የሠራተኛው የጣት አሻራ ሳይቀር፣ በኮምፒዩተር ይከማቻል። ሌባውም አጥር መዝለል አያሻውም፤ በሥራ ተቋራጩ ስም አስመስሎ ጽፎ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ይላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተለመደውን የመልእክት አካሄድ አጥንቶ እንግዳውን ይለያል። ይሁን እንጂ ይጠራጠራል እንጂ አያረጋግጥም፤ ክፍያው ሳይለቀቅ ተቋራጩን ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ጠርቶ መጠየቅ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።

የአሻራው ጉዳይ ይብሳል፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይለወጣል፣ ጣት ግን አይለወጥም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የቀን ሠራተኛው አሻራ ሥራው ሲያልቅ የት እንደሚገባ ለሚጠይቅ አሠሪው መልስ ሊኖረው ይገባል።